አሁን ገና ነው የተኛልኝ

አንዲት ነርስ ነበረች። ጌጡ፣ ስለ ልጅህ ጠይቀኸኝ ስለ ነርስ ስጀምርልህ ፊትህን አታጨማድ። «ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ይሄ ወንዱ ልጅ ሰላም ነሣኝ፤ ዕቃ ይሰብራል፣ ከሰው ልጅ ይጣላል፣ ሲከለክሉት መሬት ላይ ወድቆ ይጮኻል፤ ምን ላድርገው?» አልከኝ። ሰምቼሃለሁ። መልሴ በነርሷ በኩል ዞሮ ይመጣልና ታገሥ።

ነርሷ የምትሠራው በአንዲት የገበያ ከተማ፣ በጤና ጣቢያ ውስጥ፣ በሕፃናት ክፍል ነበር። ሰው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። ደግ ሴት ነበረች፤ ደግነቷን አስቀድሜ የምነግርህ ኋላ እንዳትፈርድባት ብዬ ነው። የሕፃን ልቅሶ አትችልም። ከደጅ አንድ ልጅ ጮኾ ካለቀሰ የያዘችውን ጥላ ትወጣለች። እናቶቹም «የሷስ አንጀት የእናት ነው» ይሏት ነበር።

ስትማር ያስተማሯት ግን ሌላ ነው። ጠዋት ማንንም ወደ ውስጥ ከመጥራትሽ በፊት በተቀመጡት ፊት እለፊ፤ እያንዳንዱን ልጅ ገልጠሽ ፊቱን እዪ፤ አተነፋፈሱን ተመልከቺ፤ እጅና እግሩን ዳብሺ፤ እናቲቱንም «ይጠባል ወይ? የጠጣው ይረጋለታል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፤ የባሰበትን ከወረፋው አውጥተሽ አስቀድሚ ብለዋት ነበር። መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ታደርግ ነበር። ኋላ ተወችው።

የተወችው ሰንፋ አይደለም። የዚያ አገር እናት የታመመ ልጇን በሰው ፊት አትገልጥም። የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ከአናቱ እስከ እግሩ ትሸፍነዋለች፤ ክፍሉ ገብታ በሩ ካልተዘጋ በቀር ነጠላውን አታነሣም። ነርሷ በወረፋው መካከል እየዞረች ስትገልጥ ፊታቸው ይጠቁራል፤ አንዳንዷም እጇን ትይዛታለች። ነርሷ ደግሞ ሰው ማስቀየም አትወድም። ስለዚህ መግለጡን ትታ መጠየቁን ብቻ ያዘች። ጠዋት ጠዋት በፊታቸው ስታልፍ «እንዴት አደራችሁ? ልጁስ እንዴት ነው?» ትላለች። እነሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏታል። አገራችንን ታውቀው የለም? ቤቱ ተቃጥሎ አመዱ ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ እንዴት ነህ ቢሉት አስቀድሞ ተመስገን ነው የሚል።

አንድ የገበያ ቀን፣ ተቅማጥ በገባበት ወራት፣ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ እናቶች መሬት ላይ ሁሉ ተቀምጠው ነበር። በመካከላቸው ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ የመጣች አንዲት ወጣት ሴት አለች። ልጁ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጥርሱ ገና ብቅ ማለቱ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል። መንገዱን ሁሉ ጀርባዋ ላይ ሲያለቅስ መጥቶ፣ ወረፋ ስትይዝ ዝም አለ። አውርዳ ጭኗ ላይ አስተኛችው፤ ነጠላዋን አለበሰችውና እፎይ አለች።

«ተኛልኝ» አለቻት አጠገቧ ላለችው ሴት።

«እሰይ! እንቅልፍ ከመጣለት ምን ቀረው?» አለቻት ሴትዮዋ።

ነርሷ በዚያ ስታልፍ እንደ ልማዷ «ልጁ እንዴት ነው?» አለች። «ተመስገን፣ ተኝቶልኛል» አለቻት። ነርሷም «ጎሽ፣ ይተኛ» ብላ አለፈች።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ልጅ ደጁን በጩኸት አቀለጠው። የከተማ ልጅ ነው። ሲጫወት ሽምብራ ጆሮው ውስጥ ከትቶ፣ ሽምብራዋ አብጣ አልወጣ ብላዋለች። እናቱ ተሳቅቃ የምትገባበት ጠፍቷታል። ተራው የወጣቷ ሴት ነበር፤ ነርሷ በር ላይ ወጥታ ስትጠራት ግን ሴቲቱ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«የኔስ ተኝቷል፤ ያ ልጅ ይቅደም፤ ሲያለቅስ አንጀቴን በላው» አለች።

ነርሷ «እግዜር ይስጥሽ» አለቻት። ከልቧ ነው ያለቻት።

ሽምብራዋ ቶሎ አልወጣችም። ልጁ ይራገጣል፣ እናቱ ትይዘዋለች፣ ነርሷ ጎንበስ ብላ ትታገላለች። በመጨረሻ ስትወጣ ነርሷ በወረንጦ እንደያዘቻት በሩን ከፍታ ለሰዉ ሁሉ አሳየች፤ ደጅ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ወጣቷም እናት ሳቀች። ልጇ እንዳይነቃባት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ነው የሳቀችው። ጌጡ፣ ከዚህ ነገር ሁሉ እኔን አብዝቶ የሚያመኝ ይህ ሳቅ ነው።

ከዚያ ገባች። በሩ ተዘጋ። ነርሷ እጇን ወደ ነጠላው ስትሰድ ሴቲቱ በሹክሹክታ «ቀስ ብለሽ፣ አሁን ገና ነው የተኛልኝ» አለቻት።

ነርሷ ገለጠችው።

ልጁ አልተኛም ነበር። ዓይኖቹ በከፊል እንደተከፈቱ ወደ ውስጥ ገብተዋል። የአናቱ እርግብግቢት ሰርጉዷል። እግሩን ብትዳብሰው ቀዝቅዟል፤ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣ ብትለቀው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ውኃው ከሰውነቱ አልቆ ነው፤ እንባም፣ የሚያለቅስበት ጉልበትም አጥቶ ነው ዝም ያለው። ነርሷ ጮኸች፤ ሰው ሮጦ መጣ። ግሉኮስ ሊተክሉለት ክንዱን ፈለጉ፣ እግሩን ፈለጉ፣ ጭንቅላቱን ፈለጉ፤ የደም ሥሩ ሁሉ ተጣብቆ አልገኝ አላቸው። ባገኙት ጊዜ ልጁ አልፎ ነበር።

እናቱ አልጮኸችም። ነርሷ ፊቷን ይዛ ስታለቅስ፣ እሷ ነጠላዋን አነሣችና ልጇን እንደገና ከአናቱ እስከ እግሩ ሸፈነችው። የሰው ዓይን እንዳያርፍበት።

«ምነው እህቴ! ምነው በጠራሽኝ! ምነው በሬን በበረገድሽው!» አለቻት ነርሷ።

«ሥራ ላይ ሆነሽ እንዴት ብዬ ልጥራሽ? ስትጠይቂኝም ተኝቷል ብዬሻለሁ። የተኛ መስሎኝ ነው እኮ» አለች ሴቲቱ። ቀጥላም «መንገዱን ሁሉ እባክህ ዝም በልልኝ፣ እባክህ ዝም በልልኝ እያልኩት ነው የመጣሁ» አለች።

ልጇን ታቅፋ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ «ደክመሽለታል፤ እግዜር ይስጥሽ» አለቻት። ይሉኝታ በዚያች ሰዓት እንኳ አልለቀቃትም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ነርሷ ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር ሳትገልጥ ማንንም አትጠራም። እናቶቹ ፊታቸውን ቢያጠቁሩ «እንትፍ እንትፍ፣ ከዓይን ያውጣው» እያለች ትገልጣለች። የሚያለቅሰውን «አንተስ ጉልበት አለህ፣ ጥቂት አልቅስ» ትለዋለች፤ ዝም ያለው ጋ ስትደርስ ግን ተንበርክካ ትቆያለች። በዚህ የተረፉ ልጆች አሉ ይባላል። ያ ልጅ ግን አልተነሣም፤ የሌሎቹ መትረፍ ለናቱ ምን ይሆናታል?

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ወንዱ ልጅህ ጆሮው ውስጥ ሽምብራ የገባበት ልጅ ነው። አላመመውም አልልህም፤ እናቱን አጥቶ እንዴት አያመው! ግን እየጮኸ ነው፤ ደጁ ሁሉ ሰምቶታል። እቀፈው፣ ታገሠው፤ በጊዜው ይወጣለታል።

እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። የሱን ክስ ስትደረድር በመካከሉ ምን አልከኝ? «እኅቱስ ተመስገን፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ አንድ ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። ቤቱን ይዛልኛለች፤ እንባዋን እንኳ አላየሁም» አልከኝ። እናቷ ሞታ እንባዋ ያልታየ ሕፃን! አንተ ደግሞ ይህን በደስታ ነው የነገርከኝ፤ እንደዚያች ሴት እፎይ ብለህ። ወንድሟ ሲያስጨንቅህ አይታ ወረፋዋን ለቀቀችለት እንጂ ደህና ሆና አይደለም። ላይዋ ተመስገን ነው፤ ውስጧን ለቄስ።

«ልጅ ካላለቀሰ ጡት አይሰጠውም» ይላሉ። ይህን የሚተርት ሰው ማልቀሻ ጉልበት ያለቀበት ልጅ አላየም። አንተ ግን ቤትህ አለችልህ፤ ገና እግሯ አልቀዘቀዘም። እቤት ስትገባ «እንዴት ዋልሽ?» ብለሃት እንዳታልፍ፤ ደህና ነኝ ትልሃለች። አጠገቧ ተቀመጥ። ስለ እናቷ አንሣባት። ብትቆጣህም፣ ፊቷን ብታዞርብህም ግለጣት።

ደግሞ ይህን ልንገርህና ሂድ። ከመጣህ ጀምሮ የወንዱን ስም ስትደጋግመው ነበር፤ የሷን ስም ግን ከአፍህ አልሰማሁትም። ማን ትባላለች? ተወው፣ ለኔ አትንገረኝ። ሄደህ እሷን ጥራት።