የወይዘሮ አሰገደች ውሻ

በአንድ ወቅት፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ዛሬ ሰፊ አስፋልት በተዘረጋበት ቦታ አንድ ሰፈር ነበረ። አጥሩ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ። ሲያማርሩት የኖሩት ሁሉ ከፈረሰ በኋላ ናፈቃቸው፤ ሰው እንዲህ ነው። በዚያ ሰፈር ወይዘሮ አሰገደች የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ከሦስት ልጆቻቸውና ከአንዲት ቡናማ ውሻ ጋር ይኖሩ ነበር።

የውሻዋ ስም ምናገባችሁ ነው። ዱሮ ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይናገረውን በውሻው ስም ይናገር እንደነበር መቼም ታውቃላችሁ። «ባሏ ዓመት ሳይሞላው ፀጉሯን ተሠራች» የሚል ሐሜት ሲበዛባቸው፣ ወይዘሮ አሰገደች ማንንም ሳይሰድቡ አንዲት ቡችላ አመጡና ስም አወጡላት። ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ በሩ ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ሳብ አድርገው፣ «ምናገባችሁ! ነይ ግቢ» ይላሉ። ሐሜተኛውም ድርሻውን ተቀብሎ ይገባል፤ ውሻዋም ትገባለች።

ዓመታት አለፉ፤ ልጆቹ አደጉ፤ ወይዘሮ አሰገደች ታመሙ። ሦስቱም ልጆቻቸው አልጋው ዙሪያ ቆመው ሳሉ «ምናገባችሁን አደራ» ብለው አረፉ። አደራው ለማን እንደሆነ ግን አልለዩም። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ፈረሰና ሦስቱም ወደየኮንዶሚኒየማቸው ተበተኑ። ዕቃ በተጫነበት ግርግር፣ ታላቁ አንተነህ ውሻዋን እህቱ የወሰደቻት መሰለው። እህቱ ስንዱ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ የወሰዳት መሰላት። ታናሹ ታሪኩ፣ የመኪናውን ኋላ ስትከተል እንዳትገጭ ብሎ የግቢውን በር ዘጋባትና «እነሱ መጥተው ይወስዷታል» ብሎ ሄደ። የጋራ ነገር ዕጣው ይኸው ነው።

በእናታቸው ሙት ዓመት ተገናኙ። ስንዱ ወጥ እያወጣች፣ «ለመሆኑ ምናገባችሁ እንዴት ናት?» አለች።

አንተነህ ቀና አለ። «አንቺ ጋ አይደለችም እንዴ?»

ታሪኩ የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ በዚያ ማዕድ ላይ የበላ የለም።

አንተነህ የሚኒባስ ሹፌር ነው። በማግስቱ መኪናውን አቁሞ የፈረሰውን ሰፈር በእግሩ አዳረሰ። ሥጋ ቤቶችን ጠየቀ፣ አላዩም። በመጨረሻ አንድ የቀን ሠራተኛ፣ «እዚያ ድንጋዩ ሥር የምትተኛ አንካሳ አለች፤ ምሳችንን እናካፍላታለን» አለው። ሄዶ ቢያይ እሷው ናት፤ የእናቱ ደጃፍ በነበረበት ቦታ ላይ፣ ከስታ፣ የኋላ እግሯ ተሰብሮ። ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ጥርሷን አሳየችው። አልፈረደባትም። አጠገቧ ተቀመጠና ለእህቱ ደወለ።

ስንዱ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። አለቃዋን ለምና መጣች። ከታክሲ ስትወርድ የተወለደችበት ቤት የቱ ጋ እንደነበር መለየት አቃታት። ቦኖው የለም፣ ካልሲዋን የምታሰጣበት አጥር የለም፤ ሁሉም አፈር ሆኗል። ውሻዋን ስታይ ልትጠራት ፈለገች። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው የእናቷ ድምፅ ነበር፤ ያው ሳብ ያለው። «ምናገባችሁ! ነይ ግቢ።» የሚገባበት ግቢ አልነበረም። ውሻዋ ግን እያነከሰች መጥታ ጭንቅላቷን ቀሚሷ ውስጥ ቀበረች። ስንዱ በእናቷ ለቅሶ አልወጣ ብሏት የነበረው እንባ ያን ቀን ወጣላት።

ቤቷ ወሰደቻት። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው፣ እግሯን ያየው የእንስሳት ሐኪም ደግሞ «ደረጃ አትውጣ» ብሏል። ስለዚህ ጠዋት ተሸክማት ትወርዳለች፣ ከሥራ ስትመለስ ተሸክማት ትወጣለች። እግሯ ተጠገነ፤ ልቧ ግን አልተጠገነም። ስንዱ ሥራ ስትውል ብቻዋን ታላዝናለች። የሕንፃው ነዋሪዎች ብዙ ታገሡና «ወይ ዝም ትበል፣ ወይ ትውጣልን» አሉ።

ይኼኔ ታሪኩ መጣ። እሱ ምድር ቤት ነው የሚኖረው፤ በሩ ወደ ሣሩ ይከፈታል፤ የቆዳ ቦርሳ እየሰፋ ቤቱ ይውላል። ለሙከራ ቀን ቀን እየወሰደ ማታ ለስንዱ ይመልሳት ጀመር። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው ሥር ተኝታ ትውላለች፤ ድምፅዋ አይሰማም። በሩን ሲዘጋ ግን ብድግ ብላ ትንቀጠቀጣለች፣ ዓይኗን ከበሩ አትነቅልም። ታሪኩ ምክንያቱን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ከዚያ ወዲህ በክረምቱ ብርድ ጋቢውን ደርቦ በሩን ክፍት አድርጎ ነው የሚሠራው።

ሦስቱም «እኔ ልያዛት» አሉና ነገሩን ወደ ጋሽ ዘለቀ፣ የዱሮው ሰፈር እድር ዳኛ ዘንድ ወሰዱት።

«እኔ ፈልጌ ባላገኛት ዛሬ አጥንቷም አይገኝ ነበር» አለ አንተነህ። «ቀን ጋቢና አስቀምጬ ይዣት እዞራለሁ።»

«ተሳፋሪው ምን ይልሃል?»

«ስሟን እነግራቸዋለኋ።»

ጋሽ ዘለቀ ሳቃቸውን ዋጡና ወደ ታሪኩ ዞሩ። «አንተስ?»

«በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ» አለ ታሪኩ። «ልካሳት፣ ጋሽ ዘለቀ። ቤቱም ሰዓቱም እኔ ጋ ነው ያለው።»

 ለውሻዋ ታሪኩ ጋ እንደሚሻል ስንዱ አልጠፋትም፤ የከበዳት የራሷ ነገር ነው። ውሻዋ ከሄደች ያንን ድምፅ ማንን ትጠራበታለች? «እኔ ስጠራት ብቻ ነው የምትመጣው» አለች በመጨረሻ። «እናቴ የምትሰማው ያኔ ነው የሚመስለኝ።»

ጋሽ ዘለቀ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «አሰገደችን አውቃታለሁ። አደራ ስትል ሰው ዓይን እያየች ነው። ያን ዕለት ማንን ነበር የምታየው?»

«እኔን» አለ አንተነህ።

«እኔን» አለ ታሪኩ።

ስንዱ አልመለሰችም። እናቷ ያን ሰዓት ታይ የነበረው ከአልጋው ግርጌ የተኛችውን ውሻ ነበር። ይህን ከእሷ በቀር ያስተዋለ የለም።

ሽማግሌው ፍርዱን ለእሁድ ቀጠሩ። እሁድም ደረሰ። ስንዱ ምናገባችሁን ታቅፋ ደረጃውን ወረደች፤ ወንድሞቿ ከታች ቆመው ይጠብቃሉ፤ ጋሽ ዘለቀም ገና ቃል አልተነፈሱም።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ የቀረው የእናንተ ነው። ደግሞ ለፍርድ እንዳትቸኩሉ፣ እኔ ስንት ጊዜ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሥራውን ትቶ ፈልጎ ላገኛት፣ በእናቷ ድምፅ ጠርታ ላመጣቻት፣ ወይስ በሩን ዘግቶባት ሄዶ ዛሬ በሩን ከፍቶ ለሚበርደው፤ ምናገባችሁ የምትገባው ለማን ነው?