የድስቱ ቦሎቄ

በአንድ ወቅት፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ ኮሌጅ የጥናት ዘዴ የምታስተምር ውብዓለም የምትባል ሴት ነበረች። የገዛ ጥላዋን አታምንም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች ዘወትር።

በወረዳው ስንት ቤት እንደተራበ አጥንቶ የሚመጣ አንድ ተማሪ እንድትመርጥ ተጠየቀች። ስንዴ የሚታደለው በዚያ ተማሪ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ካነሰ ጦሙን የሚያድር ቤት አለ። ስለዚህ ወረዳውን በድስት አስመሰለችው። ነጭና ቀይ ቦሎቄ ቆጥራ ደባለቀች። ቀዩ የተራበ ቤት ነው፤ ከመቶ ሠላሳ። ቁጥሩን በደብተሯ ጽፋ ድስቱን በኮሌጁ ማብሰያ ቤት አሳደረችው።

በማግስቱ ሦስት ተማሪዎች ተራ በተራ ገቡ። «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሃያ ማንኪያ ቅዱ፤ እየቆጠራችሁ መልሱ። የወጣውን ሁሉ ጻፉ። ድስቱን መገልበጥ ክልክል ነው» አለቻቸው።

መኳንንት ሃያውን ቀዳ፣ አንድም ሳይዘል ጻፈ። «ከመቶ ሠላሳ» አለ። ውብዓለም ደስ ሊላት ሲገባ ሆዷ ተጠራጠረ። እንዲህ ልክክ የሚለው ደብተሬን አይቶ ይሆን?

ዘቢደርም ሃያ ቀዳች። «ከመቶ አርባ» አለች። መምህርቷ ወረቀቱን ስትመረምር ሁለት ማንኪያ ተሰርዟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ነጭ ብቻ ነው የወጣው፣ ቲቸር። ድስቱ በደንብ አልተማሰለም ብዬ ነው።»

ሸምሱ ግን መምህርቷ ዞር ስትል ድስቱን ገልብጦ አንድ በአንድ ቆጠረ። «ከመቶ አርባ!»

«አትገልብጥ አላልኩም?»

«ብለዋል። እርስዎስ ዛሬ ቆጥረውታል?»

ተናዳ ቆጠረች። አርባ ነው! ወደ ማብሰያ ቤት ሮጠች። ወጥ ሠሪዋ እማማ ብርቄ እያማሰሉ ነበር። «ቦሎቄዬን ማን ነካው?» አለቻቸው።

«ነገ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው ብዬ ትናንት ነጭ ነጩን ለቀምኩት፣ ልጄ። ቀዩ ቶሎ አይበስልማ!»

ውብዓለም አፈረች። ሰውን ሁሉ ስትጠረጥር ድስቷን አልጠረጠረችም።

የወረዳው መኪና ውጭ ቆሞ የሚሄደውን ተማሪ ስም ይጠብቃል። መኳንንት በሐቅ ሠርቶ ሳተ። ዘቢደር ያላማራትን ሰርዛ አገኘች። ሸምሱ ትእዛዝ ጥሶ እውነቱን አወጣ፤ ወረዳ ግን እንደ ድስት አይገለበጥም።

እስቲ ፍረዱ፦ ስንዴ የሚጠብቀው ቤት የእናንተ ቢሆን፣ ከሦስቱ ማን በራችሁን ያንኳኳ?