ተኝቶ የሚመለሰው ተሸካሚ

አንድ ገስግስ የሚባል ተሸካሚ ነበረ። የሚኖርባት ከተማ በዓይን አትታይም፤ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ጀርባ ተነስታ እስከ አውራ ጣቷ ጫፍ የተዘረጋች አንዲት ቀጭን የነርቭ ሕዋስ ናት። ስንቁም ዕቃውም የሚሰናዳው ጀርባዋ ዘንድ ባለው መሃል ከተማ ነው። ገስግስ ያንን ተሸክሞ፣ ቀጥ ባለው ሐዲድ ላይ እየተራመደ፣ ጣቷ ጫፍ ላይ ላለው በር ያደርሳል። ስንቁ ከደረሰ አውራ ጣቷ የጭቃውን መወፈርና መሳሳት ለይታ ታውቃለች፤ ካልደረሰ ትደነዝዛለች።

የዚያ አገር ተሸካሚ እግሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። የገስግስ እግር ወደ በሩ እንጂ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አያውቅም። ሸክሙን ሲያራግፍ እጥፍጥፍ ብሎ ለጥ ይላል፤ ሲነቃ ራሱን መሃል ከተማ ያገኘዋል። እንዴት እንደተመለሰ ጠይቆ አያውቅም። መንገዱ ራሱ የሚመልሰው ይመስለው ነበር፤ የዋህ ነው፣ ምን ይደረግ።

ታዲያ በየጉዞው ከስንቁ በላይ መልሴ የሚባል ሰው ይጫንበታል። መልሴ አይራመድ፣ አያግዝ፤ እላዩ ላይ ተፈናጦ ያንጎራጉራል። አንድ ቀን ገስግስ ቆሽቱ አረረና መልሴን አውርዶ በምትኩ ሁለት እስር ስንቅ ጨምሮ ነጎደ። በሩ ላይ እልል ተባለለት። ደስ ብሎት ተኛ።

ሲነቃ እዚያው በሩ ላይ ነው። ደግሞ ተኛ፤ ደግሞ ነቃ፤ ያው ነው። ስንቁ አለቀ። መሃል ከተማ ሄዶ መታደስ የነበረበት አሮጌ ዕቃ በሩን ሞላው። አውራ ጣቷ ደነዘዘችና ሸክላ ሠሪዋ ሳይታወቃት ተጭና የጋኗን ሆድ ቀደደችው። ገስግስም መንገዱን ምን እንደነካው የበሩን ጠባቂ እማማ ደብሪቱን ጠየቃቸው።

«መንገድ ማንን ተሸክሞ ያውቃል ልጄ?» አሉት። «አንተ ስትተኛ አዝሎ የሚመልስህ መልሴ ነው። የእሱ እግር ደግሞ ወደ መሃል ከተማ ብቻ ነው የሚሄደው። ወደዚህ የሚመጣው ባንተ ጀርባ ነበር።»

ገስግስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። በዚህ መሃል ሌላ ተሸካሚ ከነስንቁ ደረሰ፤ ከላይ መልሴ ተፈናጧል፤ ተሸካሚውን ለምኖ ነው የመጣው። ገስግስ ይቅርታውን መንተባተብ ሲጀምር መልሴ አሮጌውን ዕቃ በአንድ ትከሻው አድርጎ ጎንበስ አለለት።

«ይልቅ ጀርባዬ ላይ ውጣ» አለው። «ወሬ ናፍቆኛል። ከዛሬ በፊት ስመልስህ ነቅተህ አግኝቼህ አላውቅም።»

ያን ቀን ገስግስ አልተኛም። መንገዱን ሁሉ ሲሳሳቁ ሄዱ። ሸክላ ሠሪዋም ጣቷ ነፍስ ዘርታላት ሌላ ጋን ጀመረች።

ወዳጆቼ፣ ሸክም ነው ብለን የምናወርደው ሰው እኛ ሳናውቅ ቤታችን የሚያደርሰን ሊሆን ይችላል። ድካማችንን እናስታውሳለን፤ የታዘልንበትን ጊዜ ግን ተኝተን ነው ያሳለፍነው። እስቲ እርስዎም ያስቡት፤ እዚህ የደረሱት በማን ጀርባ ነው?