የአይጢቱ እንግዳ

ተረት አለኝ፤ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ኮሽታ የሚያስበረግጋት አንዲት አይጥ የድመት ዓይነ ምድር የነካው ስንዴ በላች። ከስንዴው ጋር በዓይን የማይታይ ተውሳክ ሆዷ ገባና፣ «እሜቴ፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ ጥግ ይስጡኝ» አላት። እንግዳ መመለስ ነውር ነውና፣ እየተንቀጠቀጠች «ቤት የእግዜር ነው፤ አረፍ በል» አለችው።

እንግዳው ውሎ አድሮ ጭንቅላቷ ውስጥ ተደላደለ፤ ፍርሃቷንም ጥቂት በጥቂት በላው። አንድ ቀን «ልሄድ ነው፤ ይሸኙኝ» አላትና ተያይዘው ወጡ።

«አንቺ፣ ወዴት ነው? ድመቷ አለች እኮ!» ብላ እኅቷ ከጉድጓዱ ጮኸች።

«እንግዳዬን ልሸኝ ነው» አለች አይጢቱ። የድመቷ ጠረን እንደ ትኩስ ቅቤ ሸተታት፤ እግሮቿ ለምን እንደማይሸሹ ግን አልገባትም።

«ደረስን» አለ እንግዳው፤ «ቤቴ ይኸው።»

ቀና ስትል የድመቷ አፍ ተከፍቷል።

የእኔን ጨረስኩ፤ የእናንተን አምጡ።