እየዘፈንክ ብላ

ድሮ ነው፤ የአያቴ አያት ገና በአንቀልባ ሳለች። ሾላ ማዶ በሚባል አገር አንጓች የምትባል ፈጪ ነበረች። መሬት የላት፣ ከብት የላት፤ ያላት ጉልበትና ድምፅ ነው። በግራዝማች ደርሶ ግቢ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ጓዳ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር ለዘመቻ ስንቅ የሚሆን በሶ ትፈጭ ነበር።

የስንቁ አዛዥ ቢተው ይባላል። ስሙን ስጠራው እንኳ ምላሴን ይመረኛል። ይህ ሰው የተቆላውን ገብስ ሰፍሮ ሰጠ፤ ዱቄቱን ሰፍሮ ሲቀበል ጎደለበት። ገብስ ሲፈጭ ይቦናል፣ ገለባውም ይነፋል። ወፍጮ ነክቶ የማያውቅ ከየት ይወቀው?

«ቅማችሁብኛል!» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ እየዘፈናችሁ ፍጩ። የሚዘፍን አፍ አያኝክም።»

አለንጋውን ይዞ ከጓዳው ግድግዳ ውጭ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ዘፈኑ፤ እየራባቸው ዘፈኑ። አንጓችም ዘፈነች።

በሁለተኛው ቀን ከጎኗ የምትፈጨው ውዴ ድምጿ ጠፋ። ውዴ ከወለደች ወር አልሞላትም፤ ጡቷ ደርቆ ልጇ በጀርባዋ ሲያለቅስ ይውላል። አንጓች ጎንበስ ብላ፣ «አንቺ ቃሚ፤ ላንቺም እኔ እዘፍናለሁ» አለቻት። በቀጭን ድምፅ እያወጣች፣ በወፍራም እየተቀበለች ለሁለት ዘፈነች። ውዴም ቃመች። ውጭ ለተቀመጠው ሁለት ሴት መሰለው፤ ደስም አለው። ደንቆሮ!

በሦስተኛው ቀን የአንጓች ጉሮሮ ተዘጋ። ቢተው ዘሎ ሲገባ የውዴ አፍ ገብስ እንደ ሞላ ደረሰ። ገርፎ ከነልጇ ከግቢ አስወጣት። አራስ ይገረፋል? እናንተው ንገሩኝ፣ አራስ ይገረፋል?

አንጓች መጇን ከወፍጮው አንስታ ተሸከመች። ግራዝማች ግብር ወደሚያበላበት አዳራሽ ገባች። ቢተው ቀድሟት ደርሶ ሥጋ ያላምጣል። ድንጋዩን ከመሶቡ ፊት ድም አድርጋ አስቀመጠችው።

«ጌታዬ፣ የሚዘፍን አፍ አያኝክም ብሎናል። እንግዲያው አዛዡም እየዘፈነ ይብላ!» አለች። በሻከረ ጉሮሮዋም አወጣችው፦

ዝፈኑ ይለናል አፋችን እንዲያዝ፤
የሱን አፍ ታዲያ ማነው የሚይዝ?

ይህን ሲሰሙ ከጓዳ ያሉት ሴቶች መፍጨታቸውን አቆሙ። ግራዝማች ጸጥታውን ሰማ። ለዘመቻው ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ስንቅ ገና አልሞላም።

ፈገግ ሳይል ወደ ቢተው ዞረና «ዝፈን» አለው።

ቢተው አፉን ሲከፍት ጉርሻው ተቀረቀረበት፤ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ያላመጠው ሁሉ ጋቢው ላይ ተዘረገፈ። ግራዝማች አዘዘና ውዴን ከመንገድ መለሷት። ፈጪዎቹም ከዚያው ማዕድ፣ ገና ካልበሉት ጌቶች ቀድመው በሉ።

ከዚያ ወዲህ በሾላ ማዶ ድግስ ሲሆን፣ የደከሙት ሴቶች ሳይቀምሱ መሶብ አይከፈትም። በሰው ላብ እየበላ ሌባ የሚፈልግ ሲገኝም «እየዘፈንክ ብላ!» ይሉታል።

አንተ ጥግ ላይ ያለኸው፣ አይቼሃለሁ። እጅህን ከመሶቡ መልስ። ጓዳ ያሉት ገና አልበሉም።