በኮምፒውተር የተደፈነች ቀዳዳ

አንድ መንገድ የሚነድፍ መሐንዲስ ነበር፤ አስቻለው ይባላል። ቀያሾች አገር እየዞሩ ለክተው ያመጡለትን ነጥቦች ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባል፤ ኮምፒውተሩም ነጥብን ከነጥብ እያያያዘ የመሬቱን ዳገትና ቁልቁለት ስክሪኑ ላይ ይስልለታል።

አንድ ጊዜ ለአንዲት የገጠር ከተማ መንገድ ሲነድፍ፣ ስክሪኑ ላይ መሬቱ መሐል አንድም ነጥብ ያልተለካበት ባዶ ቀዳዳ አገኘ። ቀያሾቹን ጠየቃቸው።

«እዚያ ግቢ አባወራው ሞተው የለቅሶ ድንኳን ተጥሎ ነበር። ሰው እያለቀሰ መሣሪያ ተክለን እንለካ? አፍረን አለፍነው» አሉት።

ማለፋቸው ደግ ነው። ሳይመለሱ መቅረታቸው ግን ደግ አልነበረም።

አስቻለው ንድፉን የሚያስረክብበት ቀን ደርሶበታል። ስለዚህ ቀዳዳ የሚደፍነውን ትእዛዝ ተጫነ። ኮምፒውተሩ ከዳር እስከ ዳር መስመር ወጠረና የቀዳዳዋን ድምጥማጥ አጠፋው። በቦታዋ ለጥ ያለ ሜዳ ወጣ። ሜዳ ደግሞ ድልድይ አይፈልግም፤ እሱም ደስ ብሎት መንገዱን ቀጥ አድርጎ አሳለፈበት።

አለቃው ንድፉን ሲያይ ጣቱን ሜዳው ላይ አሳረፈ።

«ይቺን ማን ለካት?»

«ቀዳዳ ነበረች፣ ደፈንኳት።»

«በምን?»

«በዙሪያዋ ባለው።»

«እንግዲያው የምታውቀው ዙሪያዋን ነው። ከፈለግህ አንተው ፈርም፤ እኔ ላልታየ መሬት አልፈርምም።»

አስቻለው ተናደደ። «ሥራ ማጓተት ይወዳል» እያለ እያጉረመረመ በማግስቱ መለኪያውን ተሸክሞ ወደዚያ ግቢ ሄደ። ጥቁር የለበሱ እናት በሩን ከፈቱለት። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ መሰላቸው።

«ግባ ልጄ፣ ዘግይቶም ቢሆን የመጣ ሰው አይጠላም» አሉት።

አፈረ። መለኪያውን በሩ ላይ አስደግፎ ገባና ተቀመጠ።

«እግዜር ያጥናዎት እማማ። ባለቤትዎ ታመው ነበር?»

«ኧረ ምንም አላመመው። ከጓሯችን ያለውን ፈፋ በዝናብ ሊሻገር ሲል ጎርፍ ወሰደው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይሉ የለ፤ ላየው ሰው ከጉልበት የሚያልፍ አይመስልም ነበር።»

አስቻለው ወደ ጓሮ ዞረ። እሱ ሜዳ ያደረገው ቦታ ሰው የበላ ፈፋ ነበር። መንገዱ በዚያ ንድፍ ቢሠራ ፈፋው በአፈር ይደፈናል፤ መሄጃ ያጣው ጎርፍም የእኚህን ሴት ቤት ጠርጎ ይሄዳል። ደነገጠ። መለኪያውን አምጥቶ ፈፋውን ከዳር እስከ ዳር ለካው።

ቢሮ ተመልሶ ሜዳውን ሰረዘ፤ ቀዳዳዋን ራሱ በለካው ነጥብ ሞላት፤ ድልድይም ጨመረ። ንድፉ ዘገየ፣ ተወቀሰም። አልተከራከረም።

ወዳጆቼ፣ ቀዳዳ መኖሩ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያላዩትን እንዳዩ ሆኖ መድፈን ነው። ኮምፒውተሩስ የታዘዘውን ሠራ። እኛ ግን ማንም ሳያዘን፣ ስለ ሰው የማናውቀውን በዙሪያው ባየነው እንደፍናለን። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው፣ እንግዲህ ምን ጎደለበት እንላለን። እስቲ ያስቡት፤ ደጃፉን ሳይረግጡ «እሱማ ደህና ነው» ብለው ያለፉት ሰው ማን ነው?