የአስካለ ጎደሎ ቀናት

ከእናንተም ከእኔም በፊት፣ የአያቴ አያት ገና ጥርስ ሳታበቅል፣ ስሟ በተረሳ አንዲት የጥቁር አፈር አገር አስካለ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ በጥር ሞተባት። የቀራት ሦስት ልጅ፣ አንድ ማሳ፣ ወይኖ የሚባል አንድ በሬና አንድ ስልቻ የጤፍ ዘር ነው። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም፤ አንድ በሬም ብቻውን አያርስም።

ድንበሩ የሚባል የባሏ ወንድምም ያለው አንድ በሬ ነው። እንደ አገሩ ወግ ተቀናጁ፤ የሷን በሬና የሱን በሬ ባንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን ለሷ፣ አንድ ቀን ለሱ ሊያደርጉ ተስማሙ። በዚያ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም፤ አራሹ ድንበሩ ነው። አስካለ ለሁለቱም በሬዎች ሣር ታጭዳለች።

ድንበሩ ምላሱ ማር የሆነ ሰው ነበር። ከማር ስር ደግሞ ንብ አይጠፋም።

«እቴ አስካለ» አላት የዘር ሰሞን ሲደርስ፣ «እኔና አንቺ በቀን አንጣላም። ሁለት፣ አራት፣ ስድስት እያለ የሚሄደው ሙሉው ቀን የኔ። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት የሚለው ጎደሎው ያንቺ ይሁን።»

«እኩል ነው ወንድምጋሼ» አለች። ሐዘን የጎዳት ሴት ቀን ሁሉ ቀን ይመስላታል።

በዚያ አገር የጤፍ ዘር መሬት የሚነካው ከሐምሌ ገብርኤል እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ከዚያ ያለፈ ዘር ለወፍ የተበተነ ነው ይላሉ።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ አስካለ ዘሯን አንግታ ወጣች። «ወንድምጋሼ፣ ዛሬ ቀኔ ነው።»

«ምን ነካሽ፣ ዛሬ እኮ ገብርኤል ነው! ማን ቀንበር ያነሳል? በዓሉን እኔ አላመጣሁት። ቀኑን ማን ነፈገሽ፣ ጎደሎው ያንቺ ነው።»

በሃያ የራሱን ዘራ። በሃያ አንድ አስካለ መጣች፤ ማርያም ናት። «በዓሉን እኔ አላመጣሁት። ቀኑን ማን ነፈገሽ፣ ጎደሎው ያንቺ ነው።» በሃያ ሁለት የራሱን ዘራ። በሃያ ሦስት መጣች፤ ጊዮርጊስ ነው። በሃያ አምስት መጣች፤ እሑድ ዋለ። በሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ በሃያ ዘጠኝ ባለእግዚአብሔር። በዚያ አገር በዚያ ሰሞን ሥራ የሚያስፈታ በዓል በሙሉው ቀን አይውልም። ሁልጊዜ ያችኑ ይላታል፤ «በዓሉን እኔ አላመጣሁት።»

አስካለ ከማሳዋ ጠርዝ ተቀመጠች። አፈሩን ዘግና ጨመቀችው፤ እንደ ሊጥ ለስልሷል፣ ዘር የሚጠብቅ አፈር ነው። ያኔ ገባት። ይህ ሰው ቄስ ሳይሆን የወሩን በዓል በቃሉ ይዞ፣ ቀኑን አበጥሮ፣ ፍሬውን ለራሱ ገለባውን ለሷ ሰጥቷታል።

«ወንድምጋሼ፣ አንድ ሙሉ ቀን ልቀቅልኝ» ብላ ለመነችው። «ልጆቼ የወንድምህ ልጆች ናቸው።»

«ውል ውል ነው እቴ። ዛሬ ላንቺ ያፈረስኩትን ነገ ለማን ልጠግን?»

ሐምሌ ወጣ። በነሐሴም በሬዎቹን አለቀቀም፤ ከወንዝ ማዶ ባቄላ አለኝ፣ ምስር አለኝ እያለ ቆየ። የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግሥት ግን ራሱ ጠምዶ መጣና፣ ጎረቤት እያየው፣ እየዘፈነ የአስካለን ማሳ ዘራላት። «ደግ ሰው!» ተባለ። አስካለ ዘሯ ሲበተን አየች። ዘሩን ብታስቀረው ልጆቿ አንድ ወር ይበሉት ነበር፤ ግን ያልዘራ ምን ተስፋ አለው?

ዝናቡ በመስቀል ማግሥት ቆመ። ጥቅምት ሲያልቅ አስካለ ሽማግሌዎችን ከማሳዋ ዳር ሰበሰበች።

«ምን በደለሽ?» አሏት።

«ቀን ሰረቀኝ።»

ሳቁ። አንዱማ «ቀን በምን ስልቻ ይጫናል?» አለ።

ድንበሩ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣ። «አባቶቼ፣ ቁጠሩት! ስድስት ቀን ለኔ፣ ስድስት ቀን ለሷ። በዚያ ላይ የዘራሁላት እኔ። እስቲ ማሳዋን እዩት፣ እንደ ሰርዶ ለምልሟል! የኔ ቢጫ ሆኖ ጎንብሷል። እንዲያውም የሷ ይበልጣል።»

አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በቆጠራ ከሆነ ሰውየው ንጹሕ ነው። የአስካለ ልጆች ደግሞ ከዚህ ማሳ በቀር የዓመት እንጀራ የላቸውም።

አስካለ ድምጿን አላነሣችም። «የኔ ከበለጠ፣ ወንድምጋሼ፣ እንለዋወጥ።»

ድንበሩ ወደ ቢጫው ማሳው ዞር አለ።

«ምነው? ለምለሙን ውሰድ። ቢጫውን ለኔ ተውልኝ።»

«አይሆንም!»

«ለምን?»

«ያ እኮ ገለባ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ አፉ ከልቡ ቀደመ። «ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ የተዘራ ጤፍ ምን ፍሬ አለው?»

የሳቀ ሰው የለም። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት አባ ጎንጤ ቀስ ብለው ከአስካለ ማሳ ገቡ። አንድ ዘለላ ቀጠፉ፣ በመዳፋቸው አሹት፣ እፍ አሉት። መዳፋቸው ባዶ ቀረ። ወደ ድንበሩ ማሳ ተሻገሩ፤ ቀጠፉ፣ አሹ፣ እፍ አሉ። ጤፉ በመዳፋቸው ስንጥቅ ውስጥ ተኝቶ ቀረ።

«አንድ ዓይነት ዘር» አሉ። «አንድ ጥማድ። አንድ ዝናብ። የተለየው ቀኑ ብቻ ነው። ቀን ሁሉ በቁጥር እኩል ነው፤ በክብደት ግን አይደለም። ድንበሩ፣ ይበልጣል ያልከውን ውሰድ።»

የድንበሩ ሚስት ሕፃኗን እንዳዘለች ከሁለቱ ማሳ ወሰን ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። አስካለ አየቻት። ረሃብ እንዴት በር እንደሚያንኳኳ የምታውቅ ሴት ናት።

«አባቶቼ» አለች፣ «የሱ ልጆች ቀን አልቆጠሩም። ቢጫውን ማሳ ከመሃል ክፈሉልኝ። ገለባውን በሬዎቹ ይብሉት፤ እነሱም አልቆጠሩም።»

እንዳለችው ተከፈለ። ግማሽ ግማሽ ነውና በዚያ ዓመት ሁለቱም ቤት እየቆነጠረ በላ፤ ማንም ግን አልተቀበረም። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሁለት ሰው ሲቀናጅ የሚካፈለው የሥራውን ቀን ነው እንጂ የወሩን ቀን አይደለም። ድንበሩ ግን እስኪሞት ድረስ የዘር ሰሞን በደረሰ ቁጥር ሰው ፊት ቀና ብሎ አልሄደም።

እኔ የሰማሁትን አወረድኩ፤ እናንተ ደግሞ ተሸከሙት፦ እህል የሰረቀ ጎተራ ያጎድላል፤ የዘር ቀን የሰረቀ ዓመት ያጎድላል።